የጅብ ጥላ የበላ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ስድስተኛው ቀን

ይህን ጽሑፍ የከፈቱት የዱር እንጉዳይ የበላ ሰው አሁን አጠገብዎ ስላለ ከሆነ እስከ መጨረሻው ማንበብ አያስፈልግዎትም። የተበላበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የተረፈውን እንጉዳይ ጥሬውንም የበሰለውንም ይያዙ፤ ከዚያም ከምግቡ የቀመሱትን ሁሉ ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሕመም እስኪጀምር አይጠብቁ። የቀረውን ተራ ሲጠብቁ ያነቡታል።

ጊዜ ላለው አንባቢ ከስሙ ልጀምር። ክረምት ሲገባ ከፍግ ክምር ላይና ከበሰበሰ ግንድ ሥር በአንድ ሌሊት ብቅ የሚለውን ነገር የደጋው ሰው «የጅብ ጥላ» ይለዋል። ጅብ ከዝናብ ይጠለልበታል የተባለውን ነገር ማን አንስቶ ይጎርሳል? ስሙ ራሱ አጥር ነበር። ልጅ ሲነካው እናት «ተው! እጅህን ታጠብ!» ትላለች፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ዛሬ አጥሩ ላልቷል። በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው የተመረተ እንጉዳይ የጾም ወጥ ሆኖ ብዙ ሰው ጣዕሙን ለምዷል። ይህ በራሱ ደግ ነገር ነው፤ የተመረተውን እንጉዳይ ማንም አይፍራ። ነገር ግን ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ዝናቡ የሚበረታውና መስኩ ነጭ ቆብ የሚያበቅለውም ያኔ ነው። «ይህኛው ከገበያው በምን ይለያል?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በዚህ ወቅት ነው። ካፋና ማጃንግ ያሉ ወገኖቻችን በበኩላቸው የሚበላውን ከማይበላው ለይተው ከጥንት ጀምሮ ይመገባሉ፤ ከኩይሳ ላይ የሚበቅለውን ጥሩ አድርገው ያውቁታል። ይሁን እንጂ የእንጉዳይ ዕውቀት የአገር ዕውቀት ነው፤ ከሻንጣ ጋር አብሮ አይሄድም።

ይህን ስደተኞች በመራራ መንገድ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ጀርመን የገቡ ስደተኞች፣ በተለይ ሶሪያውያን፣ በአገራቸው የሚበላውን እንጉዳይ ያገኙ መስሏቸው ከጫካ ለቅመው በልተው ተመረዙ። የሃኖቨር የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በብዙ ቋንቋዎች የማስጠንቀቂያ ፖስተር አዘጋጅቶ ነበር። በካሊፎርኒያም ከእስያ የመጡ ሰዎች በዚሁ ስህተት ተጎድተዋል፤ በአገራቸው በሩዝ ጭድ ላይ የሚበቅለው ተወዳጅ እንጉዳይ ገና ሲበቅል የገዳዩን መልክ ይይዛል።

ገዳዩ አማኒታ ፋሎይዴስ ይባላል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የሞት ቆብ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ቆቡ ፈዛዛ አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ንጣፎች ነጭ ናቸው። አገዳው ላይ እንደ አጭር ቀሚስ የተንጠለጠለ ቀለበት አለው፤ ግርጌው አፈር ውስጥ በተደበቀ ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። የትውልድ ቦታው አውሮፓ ሲሆን ከዛፍ ችግኝ ሥር ጋር ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዟል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ንጹሕ ነጭ የሆነ ዘመድ አለው፤ በዚያ ባሉ ጫካዎች የተለመደ ነው፤ መርዙም አንድ ዓይነት ነው። የተመረዙና የተረፉ ሰዎች የተናገሩት አንድ ነገር ያስገርመኛል፤ ምግቡ ይጣፍጥ ነበር ይላሉ።

መጀመሪያ ይህን ይረዱ፦ ፈጥኖ የሚያስታውከውና ዘግይቶ የሚገድለው

መርዘኛ እንጉዳይ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በሞቃታማ አገሮች ሣር ላይ የሚበቅለው፣ ሲጎለምስ ከቆቡ ሥር ያሉት ንጣፎች ወደ አረንጓዴ የሚለወጡበት ትልቁ ነጭ እንጉዳይ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ያሰቃያል፣ ሕፃንንና አረጋዊን ውኃ በማሳጣት ለአደጋ ይዳርጋል፤ ፈሳሽ በቶሎ ያገኘ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

የሞት ቆብ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ከተበላ በኋላ ለስድስት ሰዓት፣ ለአሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ለአንድ ቀን ያህል ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ የበላው ሰው ይሥቃል፣ ይሠራል፣ ይተኛል። አማኒቲን የሚባለው መርዝ ግን ጉበቱ ገብቷል። የጉበት ሴል አዲስ ፕሮቲን ለመሥራት ከዘር ቅጂው ትእዛዝ መገልበጥ አለበት፤ መርዙ የሚያስቆመው ይህን ግልበጣ የሚሠራውን ኢንዛይም ነው። ትእዛዝ የማይደርሰው ሴል የነበረውን ጨርሶ ይሞታል። ሕመሙ የሚዘገየውም ለዚህ ነው። መካከለኛ መጠን ያለው አንድ እንጉዳይ አንድ ጎልማሳ ለመግደል ሊበቃ ይችላል፤ መቀቀል፣ መጥበስ፣ ማድረቅም ሆነ በፍሪጅ ማቀዝቀዝ መርዙን አያጠፋውም።

ስለዚህ ሐኪም የሚጠቀምበት አንድ መስመር አለ፤ ስድስት ሰዓት። ሕመሙ የጀመረው ከተበላ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከሆነ የጉበት መርዝ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስም ሕክምናው በዚያው መንገድ ይሄዳል። ቶሎ ማስታወክ ግን ነጻ ማውጫ ወረቀት አይደለም። ብዙ ዓይነት እንጉዳይ ተደባልቆ ከተሠራ አንዱ ቶሎ ያስታውካል፣ ሌላው በዝምታ ይቀጥላል።

ደረጃ 1፦ ማዕዱን ያንሱና ሰው ይቁጠሩ

የፈረንጅ መመሪያ «ታካሚው ምን ያህል በላ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ማን ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም። ለሕፃኑ አንድ ጉርሻ ተሰጥቶት ይሆናል፤ የቤት ሠራተኛዋ ወጡ ጨው መብቃቱን ቀምሳ ይሆናል፤ ለጎረቤት በሳህን ተልኮ ይሆናል፤ የተረፈው ለነገ ምሳ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ሁሉንም በስም ይቁጠሩ፣ ይደውሉላቸው። ደኅና ነኝ የሚለውም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በሰሜን ካሊፎርኒያ 14 ሰዎች በዚሁ እንጉዳይ ተመርዘው ነበር፤ ሦስቱ ጉበት እስከ መቀየር ደርሰዋል፤ ከተመረዙት መካከል የአሥራ ስምንት ወር ሕፃን ትገኝበታለች።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ይጻፉ፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይጻፉ

ውጭ አገር ላለ ሐበሻ ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ይህ ነው። አንድ ሰው በእኛ አቆጣጠር ማታ ሁለት ሰዓት ራት በላ እንበል፤ ይህም በእነርሱ 20፡00 ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁርጠት ቀሰቀሰው፤ በስልኩ ላይ 3፡00 ይላል። በመካከሉ ሰባት ሰዓት አልፏል፤ ስለዚህ አደገኛው ወገን ውስጥ ነው። ታካሚው በሕመም ተይዞ «ማታ ሁለት ሰዓት በላሁ» ቢል፣ አስተርጓሚውም ቃል በቃል ቢያቀብለው፣ ነርሷ የተበላበትን 2፡00 ብላ ትመዘግባለች። የሕመሙ መጀመሪያ ከስልኩ ታይቶ 3፡00 ተብሎ ይጻፋል። ሰባቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ሆነ ማለት ነው! እንዲህ ያለው ሰው «የሆድ ቁጣ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የግድግዳ ሰዓት አይናገሩ፤ «ከበላ ሰባት ሰዓት በኋላ ማስታወክ ጀመረ» ብለው በሰዓት ብዛት ይናገሩ።

ደረጃ 3፦ እንጉዳዩን ከነግርጌው ይያዙ

የተለቀመበት ቦታ ቅርብ ከሆነ አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ይመለስ። አገዳውን ጎትቶ መንቀል ወይም ከላይ መቁረጥ ዋናውን ምልክት አፈር ውስጥ ያስቀራል። ቢላዋውን ከአገዳው አራት ጣት ያህል ራቅ አድርጎ ሰክቶ አፈሩን ከታች ፈልቅቆ ማንሳት ይሻላል። አፈሩ በጣት ሲራገፍ ግርጌው እንደተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ባለ ነጭ ስስ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ ከታየ ነገሩ ከባድ ነው። ከረጢቱ ባይታይም ግን አይዘናጉ፤ ተመሳሳይ መርዝ ያላቸው ከረጢት የሌላቸው ትናንሽ ቡናማ እንጉዳዮች አሉ። መንካት ብቻውን አይመርዝም፤ እጅን በሳሙና መታጠብ ይበቃል።

በጋዜጣ ወይም በወረቀት ከረጢት ይጠቅልሉት፤ በፌስታል ከታሰረ ላብ ይዞ ይበሰብሳል። ከላይ፣ ከሥር፣ ከጎንና ከግርጌው ፎቶ ያንሱ፤ በአቅራቢያው ያለውን ዛፍም ይጨምሩ። ጥሬው ካልተገኘ የወጡ ትራፊ፣ የተላጠው ቅርፊት፣ እርሱም ከሌለ ትውከቱ በክዳን ዕቃ ይያዝ። ፍለጋው ግን ታካሚውን አያዘግይ፤ አንዱ ይፈልግ፣ ሌላው ይዞ ይሂድ።

ደረጃ 4፦ ቤት ውስጥ የማይደረጉ ነገሮች

ወተት አያጠጡ። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህ መርዝ ግን አይሠራም። ዘይት፣ ጥሬ እንቁላል፣ አረቄ፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮሶም አይረዱም፤ ጊዜ ይወስዳሉ፣ አንዳንዶቹም ጉዳት ይጨምራሉ። ጣት ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ማስታወክ ትንታ ሊያመጣ ይችላል፤ ይተዉት። ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን መርዙን አንጀት ውስጥ ያቆየዋል። ለራስ ምታትና ለቁርጠት ፓራሲታሞል መስጠት በተጎዳ ጉበት ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው።

ሐኪም የከሰል ዱቄት እንደሚሰጥ የሰማ ሰው የማንደጃውን ከሰል ፈጭቶ በውኃ ሊበጠብጥ ይችላል። ያ ከሰል ሌላ ነው። ሆስፒታል ያለው መርዝ እንዲስብ ተደርጎ በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ ነው።

ታካሚው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት ይችላል። ከዚህ በላይ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሕክምና የለም።

ደረጃ 5፦ ይደውሉ

በኢትዮጵያ የአምቡላንስ ጥሪ 907 ነው። በአሜሪካ ራሱን የሳተ ወይም መተንፈስ ያቃተው ሰው ካለ 911፤ ከዚያ በተረፈ የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ሃያ አራት ሰዓት በነጻ ይመልሳል፤ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። በአውሮፓ 112፣ በእስራኤል 101፣ በሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998 አምቡላንስ ያስመጣል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ፈርቶ ቤት የሚቀመጥበት ጊዜ እንዳለ አይጠፋኝም፤ የመርዝ መረጃ ማዕከል የሚጠይቀው ግን ስለበላውና ስለ ሕመሙ እንጂ ስለ ፓስፖርቱ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ

«ሆዱን አሞታል» ብለው አይጀምሩ፤ በክረምት ሆዱን ያመመው ሰው ብዙ ነው፣ ተራ ይዘው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይህ ይሁን፦ «የዱር እንጉዳይ በልቷል። ከበላ ይህን ያህል ሰዓት ሆኖታል። ሕመሙ የጀመረው ከበላ ከዚህ ያህል ሰዓት በኋላ ነው። አብረውት የበሉ ይህን ያህል ሰዎች አሉ። እንጉዳዩ ይኸው።»

ከዚያ የሚጠብቁት ሕክምና ይህን ይመስላል። በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ይሰጣል፤ ኩላሊትን የሚያድነው ይህ ነው። የከሰሉ ዱቄት አንዴ ብቻ ሳይሆን በየጥቂት ሰዓቱ ይደገማል፤ ምክንያቱም ጉበት መርዙን ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይጥለዋል፣ አንጀት መልሶ ይመጥጠዋል፣ እንደገና ወደ ጉበት ይሄዳል። ከሰሉ የሚይዘው በዚህ ዙር መካከል ነው። ከሰዓታት በፊት የተበላ ቢሆንም የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ለፓራሲታሞል መመረዝ የሚሰጠው አሴቲልሲስቴይን ለዚህም ይሰጣል፤ ፔኒሲሊን በከፍተኛ መጠን የሚሰጥበት ጊዜም አለ። በአውሮፓ ሲሊቢኒን የሚባል ከእሾሃማ ተክል የሚወጣ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። በፋርማሲ ለጉበት ተብሎ የሚሸጠው የዚሁ ተክል እንክብል ግን ምትክ አይሆንም።

የደም ምርመራው የጉበት ኢንዛይሞችን፣ የደምን መርጋት፣ ስኳርንና ኩላሊትን ያያል። እዚህ ላይ አጥብቀው ይያዙ፤ በመጀመሪያው ቀን የጉበት ውጤት ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይህ ማለት ጉበቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ጉዳቱ ገና ደም ውስጥ አልታየም ማለት ነው። «ምርመራው መቼ ይደገማል?» ብለው ይጠይቁ።

ጤና ጣቢያ ላይ ከሆኑ ፈሳሹ ይጀመርና ሪፈር በመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። በሦስተኛው ቀን የሚጻፍ ሪፈር ጉበቱ ከወደቀ በኋላ የሚደርስ ነው።

ደረጃ 7፦ አሳሳቹን ቀን ማለፍ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሞተው በዚህ ስህተት ይመስለኛል። አንድ ቀን ያህል ሲያጣድፈው የነበረው ትውከትና ተቅማጥ በሁለተኛው ቀን ገደማ ይቆማል። በሽተኛው ቀና ብሎ ይቀመጣል፤ ፊቱ ላይ ደም ይመለሳል፤ «ገንፎ ቢጤ የለም?» ይላል። ጠያቂው ተሰብስቦ «ተመስገን» ይላል። አባወራው የሆስፒታሉን ሂሳብ ያሰላል። «ካርዱን ዘግተን እንውጣ፣ ቤቱ ይሻለዋል» ይባላል። ሰው የተሻለው በሚመስለው በዚያ ሰዓት የጉበት ኢንዛይሙ ወደ ላይ እየወጣ ነው።

አይውጡ። ሐኪሙ ውጡ ቢል እንኳ የተደጋገመው ምርመራ ምን እንደሚያሳይ ጠይቀው ይውጡ።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የዓይን ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል፤ ከአፍንጫና ከድድ ደም ይመጣል፤ ሰውየው ቃል ያምታታል፣ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። ሆስፒታል ያልሄደ ሰው ቤተሰብ በዚህ ጊዜ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ መድኃኒት አዋቂ ይወስደዋል። ከአራት ቀን በፊት የተበላውን እንጉዳይ ማን ያስታውሳል? ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ካለ ያለፈውን አንድ ሳምንት ምግብ ወደ ኋላ ይቁጠሩ።

የቀኑን አቆጣጠር ለማየት የአውስትራሊያው ጉዳይ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2023፣ ቅዳሜ፣ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት አራት እንግዶች የሞት ቆብ የገባበት ምሳ በሉ፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ መሆኑን ፍርድ ቤት በ2025 ወስኗል። ሕመሙ የጀመራቸው ሌሊቱን ነው። ሁለቱ በማግስቱ ሳምንት ዓርብ፣ ሦስተኛው ቅዳሜ ሞቱ። አራተኛው ከብዙ ሳምንት የሆስፒታል ቆይታ በኋላ ተረፈ። ዘመናዊ ሕክምና ባለበት አገር እንኳ በዚህ እንጉዳይ ከተመረዙ አሥር ሰዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ይሞታሉ። ጉበቱ ጨርሶ የወደቀ ሰው ያለው አማራጭ ጉበት መቀየር ነው፤ ይህም በሁሉ አገር የሚገኝ አይደለም።

ከስድስተኛው ቀን በኋላ ውጤቱ መውረድ ከጀመረ ጉበት ራሱን የሚጠግን አካል ነው፤ ብዙዎች ሙሉ በሙሉ ያገግማሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ መጠጥና ያለ ሐኪም የሚገዛ መድኃኒት ይቅር፤ የቀጠሮው ምርመራ አይታለፍ።

ሌሎቹን በአጭሩ

በልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላብ በላብ የሆነ፣ ምራቁና እንባው የሚፈስ ሰው ሌላ መርዝ ነው የነካው፤ ለዚህ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ። አውሮፓ ውስጥ ኩላሊትን የሚመታ አንድ ወገን ደግሞ አለ፤ ምልክቱ ከቀናት አልፎ እስከ ሦስት ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። ከመጠጥ ጋር ካልሆነ በቀር የማይጎዳም አለ፤ ከበሉ ከቀናት በኋላ እንኳ ቢራ ሲጠጡ ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስመታል።

ከመልቀም በፊት

«ነጭ ሽንኩርት አብሮ ሲቀቀል ካልጠቆረ ደኅና ነው»፣ «የብር ማንኪያ ካልጠቆረ ይበላል»፣ «ትል የበላው መርዝ የለውም»፣ «ቆቡ ከተላጠ ችግር የለም»፤ አራቱም ውሸት ናቸው። ቀንድ አውጣና መሰሎቹ የሞት ቆብን በልተው በሰላም ይሄዳሉ፤ ጉበታቸው የእኛ አይደለም። በፎቶ እንጉዳይ የሚለይ የስልክ መተግበሪያም ለመብላት የሚያበቃ ፍርድ አይሰጥም፤ ከላይ ያለችውን አንዲት ፎቶ አይቶ አፈር ውስጥ ያለውን ከረጢት ሊያውቅ አይችልም። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ካለ ከዝናብ በኋላ በጠዋት ዞሮ ነቅሎ መጣል ይጠቅማል።

ከአባት ከእናት ተምረው የሚለቅሙ ሰዎች አትልቀሙ ቢባሉ እንደማይሰሙ አውቃለሁ፤ እኔም አልልም። በተማሩበት አካባቢ ብቻ ይልቀሙ፤ ያደጉበት ያልሆነ ጫካ ውስጥ እጃቸውን ይሰብስቡ። በሚለቅሙበት ቀንም ከእያንዳንዱ ዓይነት አንዱን ሳያበስሉ፣ ሳያጥቡ፣ ከነግርጌው በወረቀት ጠቅልለው ቀኑንና ቦታውን ጽፈው፣ ልጅ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ስድስት ቀን ያቆዩት።